ኢርፎኑን ከመቀየርሽ በፊት፦ ብሉቱዝና ዋይፋይ ሲጋፉ

ጥያቄው፦ «ጅማ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ነው የምኖረው። ሥራዬ ኦንላይን ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ዙም ላይ ነኝ። ላፕቶፔ ላይ የብሉቱዝ ኢርፎን ስጠቀም ድምፁ ይቆራረጣል። ፋይል ሲወርድማ ጭራሽ አይሰማም። ማታ ማታ ይብሳል፤ ዝናብ ሲዘንብም እንደዛው። ያው ኢርፎን ስልኬ ላይ ሰላም ነው። ሱቅ ወስጄ ሳሳይ አንዱ ኢርፎኑ ነው አለኝ፣ ሌላው ላፕቶፑ ነው አለኝ። የቱን ልቀይር?»

እህቴ፣ ለጊዜው ምንም አትቀይሪ። ከጻፍሽው ውስጥ ትልቁ ፍንጭ «ፋይል ሲወርድማ ጭራሽ አይሰማም» ያልሽው ነው። የተበላሸ ኢርፎን ፋይል እየወረደ መሆኑን አያውቅም። በዛ ላይ ስልክሽ ላይ ደህና ይሠራል። ስለዚህ ኢርፎኑ ጤነኛ ነው፣ ላፕቶፑም ጤነኛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ላፕቶፑ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ሬዲዮዎች፣ ብሉቱዙና ዋይፋዩ፣ እየተጋፉ ነው። እኔ እዚሁ ጅማ የላፕቶፕ ጥገናና የኔትወርክ ዝርጋታ ሥራ ላይ ነኝ። ይህን ምልክት ይዘው የሚመጡ ሰዎች አብዛኞቹ ሴቲንግ ብቻ ተስተካክሎላቸው ነው የሚመለሱት። ሰው አዲስ ኢርፎን ገዝቶ፣ አዲሱም እንደ አሮጌው ሲቆራረጥበት፣ ከዛ ደግሞ ላፕቶፑን ሊሸጥ ሲነሳ ማየት ያሳዝናል። ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽም ለዚህ ነው፤ ታገሽኝ።

ከመነሻው እንጀምር። ብሉቱዝም፣ የተለመደው ዋይፋይም የሚሠሩት 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው ባንድ፣ ማለትም የሬዲዮ ሞገድ መስመር ላይ ነው። ባንዱ ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርዝ ድረስ ብቻ ነው፤ ጠባብ ነው። ፈቃድ ስለማይጠየቅበት ገመድ አልባው ማውዝም፣ ኪቦርዱም፣ ማይክሮዌቩም እዛው ነው ያሉት። ዋይፋይ አንድ ቻናል ይይዝና እዛው ይቀመጣል፤ ስፋቱ ወደ 20 ሜጋኸርዝ ነው። የኢርፎንሽ ብሉቱዝ ግን አንድ ቦታ አይቀመጥም። ባንዱን እያንዳንዳቸው 1 ሜጋኸርዝ በሆኑ 79 ቻናሎች ይከፋፍልና በሰከንድ 1600 ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ጉልበታቸውም አይመጣጠንም። የኢርፎን ብሉቱዝ አብዛኛውን ጊዜ በ2.5 ሚሊዋት አካባቢ ሲልክ ራውተር፣ ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ሳጥን፣ እስከ 100 ሚሊዋት ይልካል። ባጃጅና የጭነት መኪና በአንድ ጠባብ መንገድ ሲገናኙ ዳር የሚይዘው ባጃጁ ነው፤ እዚህም እንደዛው ነው።

የብሉቱዝ ሠሪዎች ይህን ችግር ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ብሉቱዝ 1.2 የተያዙትን ቻናሎች ለይቶ እየተወ ነፃዎቹ ላይ ብቻ እንዲዘል የሚያደርግ ዘዴ ይዞ መጣ። ዛሬ በእጃችን ያሉት ኢርፎኖች ሁሉ ይህን ያደርጋሉ። አንድ ዋይፋይ ብቻ ካለ ወደ 20 የሚሆኑ ቻናሎችን ይተዋል፣ ከ50 በላይ ይቀሩታል፣ ለድምፅ ከበቂ በላይ ነው።

ታዲያ ያንቺ ለምን ይቆራረጣል? እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሁሉም የጎረቤትን ራውተር ያማል። ትልቁ ግፊያ ግን ያለው ላፕቶፕሽ ውስጥ ነው። ላፕቶፕ ላይ ዋይፋይና ብሉቱዝ በአብዛኛው አንድ ካርድ ላይ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም አንቴና ይጋራሉ። አንዱ ሲልክ ሌላው እዛው አጠገቡ ደካማ ድምፅ ለመስማት እየታገለ ነው። ቻናል ቢቀይርም አያመልጥም፣ ምክንያቱም የሚረብሸው እጅግ ቅርብና ኃይለኛ ነው። ስለዚህ ካርዱ ተራ ያስይዛቸዋል፤ አሁን አንተ፣ ቀጥሎ አንተ። ዋይፋዩ ሥራ ሲፈታ ተራው ይበቃል። ትልቅ ፋይል ሲወርድ ግን ዋይፋዩ ብዙ ተራ ይወስዳል። ፋይል ቢዘገይ ማንም አያስተውለውም፤ ድምፅ ግን አይጠብቅም። በተለይ ስብሰባ ላይ። ዘፈን ስትሰሚ ኢርፎኑ ትንሽ ድምፅ አስቀድሞ ያከማቻል፣ የጠፋበትንም መልሶ ለማስላክ ጊዜ አለው። ስብሰባ ላይ ግን ያ ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። የጠፋው ጠፋ፣ «ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?» ይጀመራል።

አንድ ነገር ጨምሪበት፤ ብዙ ባለሙያም አያነሳውም። ራውተሩ ሩቅ ከሆነ ችግሩ ይብሳል። ምልክቱ ሲደክም ዋይፋዩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ያልደረሰውንም ደግሞ ደጋግሞ ይልካል። ያው አንድ ፋይል አየሩን ብዙ እጥፍ ለረዘመ ጊዜ ይይዘዋል ማለት ነው። ለብሉቱዝ የሚተርፈው ተራ ያንሳል። ሰዎች «ዋይፋዩ ደካማ ስለሆነ ብሉቱዙን አይረብሸውም» ይላሉ፤ ተቃራኒው ነው። ቤትሽ ራውተሩ የት ነው የተቀመጠው? ሳሎን፣ ቡፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ከሆነ፣ አንቺ ደግሞ መኝታ ቤት በር ዘግተሽ የምትሠሪ ከሆነ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን አውጪውና ከፍ ያለ ክፍት ቦታ አድርጊው። ከብረት በርና ከፍሪጅ አናት አርቂው። ይህ ብቻውን ብዙ ቤት ውስጥ ልዩነት ያመጣል፤ ወጪውም ዜሮ ነው።

አሁን ወደ ፍተሻው። አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፣ ስሚ፣ ከዛ ወደ ሌላው እለፊ። ሦስት ነገር አንዴ ከቀየርሽ የቱ እንደረዳሽ አታውቂም።

ላፕቶፕሽ ላይ አንድ ዘፈን አስቀምጪ፣ ከኢንተርኔት ሳይሆን ከራሱ ከላፕቶፑ የሚጫወት። ዋይፋዩን ሙሉ በሙሉ አጥፊና በኢርፎኑ ስሚው። ጥርት ካለ ዋይፋዩን አብሪና ምንም ሳታወርጂ ስሚ። ከዛ ትልቅ ነገር እያወረድሽ ስሚ። ማውረድ ስትጀምሪ መቆራረጥ ከጀመረ ምርመራው አለቀ፣ ግፊያ ነው። ዋይፋዩ ጠፍቶም ከተቆራረጠ ግን የምናወራው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። ይህን ስታደርጊ የስልክሽን ብሉቱዝ አጥፊው። አንዳንድ ኢርፎን ከስልክና ከላፕቶፕ ጋር በአንድ ጊዜ ይገናኛል፣ ስልክሽ ላይ የቴሌግራም መልእክት በገባ ቁጥር ድምፁን ይነጥቅሻል። ይህን እንደ መቆራረጥ የሚቆጥሩት ብዙ ናቸው።

ግፊያ መሆኑ ከታወቀ ዋናው መፍትሔ አንድ ነው፤ ዋይፋዩን ከ2.4 አውጥተሽ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ማዛወር። ብሉቱዝ እዛ የለም። ሁለቱ ከተለያዩ ግፊያው ከሥሩ ይቀንሳል። መጀመሪያ አሁን የቱ ላይ እንዳለሽ እዪ። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ የተገናኘሽበትን ዋይፋይ ፕሮፐርቲስ ክፈቺና ወደ ታች ውረጂ፤ «ኔትወርክ ባንድ» የሚል አለ። 2.4 ካለሽ እዛው ግፊያው ውስጥ ነሽ። ስልክሽ ላይ ኢርፎኑ ሰላም የሆነውም ስልኩ በራሱ 5 ላይ ስለተገናኘ ወይም በዳታ ስለምትጠቀሚ ሊሆን ይችላል፣ እሱንም እግረ መንገድሽን እዪው።

ቀጥሎ ራውተሩ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ብለሽ ብራውዘር ላይ ስትጽፊ ይከፈታል፤ ትክክለኛው አድራሻና የይለፍ ቃሉ ከራውተሩ ሥር ተለጥፎ ታገኚዋለሽ። 5 ጊጋኸርዝ ያለው ራውተር ሁለት የዋይፋይ ስም ይሰጥሻል፣ ወይም ሁለቱን በአንድ ስም ደብቆ መሣሪያው ራሱ እንዲመርጥ ይተወዋል። ሁለቱን ለይተሽ የተለያየ ስም ስጫቸው። ላፕቶፑን ከ5ቱ ጋር አገናኚ፣ 2.4ቱን «ፎርጌት» ብለሽ ላፕቶፑ እንዲረሳው አድርጊ፤ አለዚያ ምልክቱ ትንሽ ሲደክም ተመልሶ ይሄዳል። ስሙ መጨረሻ ላይ 5ጂ የሚል ታያለሽ፣ ከስልክ 5ጂ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሲም አይጠይቅም፣ ተጨማሪ ክፍያም የለውም። ላፕቶፑ በራሱ 5ን እንዲያስቀድም ከፈለግሽ ደግሞ ዲቫይስ ማኔጀር (የላፕቶፑን ክፍሎች የሚዘረዝረው የዊንዶውስ ገጽ) ውስጥ የዋይፋይ ካርዱን ከፍተሽ «አድቫንስድ» ሥር «ፕሪፈርድ ባንድ» የሚለውን ፈልጊ። ሁሉም ካርድ ላይ የለም፤ ካለ 5 ላይ አድርጊው።

የ5 ጊጋኸርዝ ድክመት ግድግዳ ነው። አንድ የብሎኬት ግድግዳ ያልፋል፣ ሁለት ላይ ይደክማል፣ በኮንክሪቱ ወለል ወደ ላይኛው ፎቅ ብዙም አይወጣም። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ይህ እንደውም ጥሩ ነው፤ የጎረቤትም ወደ አንቺ አይመጣም። የጭቃ ቤት ውስጥ ለሚኖሩ አንባቢዎች ግን ላስታውስ፣ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ በተለይ በክረምት ሲርስ ሞገዱን ይውጣል፣ ክፍሉ በቆርቆሮ የተከፈለ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አያሳልፍም። እነሱ ራውተሩን ወደሚሠሩበት ክፍል ቢያስገቡት ነው የሚሻለው።

ላፕቶፕሽ 5 ጊጋኸርዝ የማይቀበል ቢሆንስ? ርካሽና የቆዩ ላፕቶፖች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የካርዱን ስም አንብቢ። ኤሲ ወይም ኤኤክስ የሚል ካለበት 5ን ይቀበላል። 802.11 ብሎ ከጎኑ ቢ፣ ጂ፣ ኤን ብቻ ከሆነ አይቀበልም፤ ከነዚህ ጋር «ኤ» ካለችበት ግን ይቀበላል። የማይቀበል ከሆነ የኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ እስከ ጠረጴዛሽ ሳቢ። ሰው ገመድ ሲባል ያረጀ ነገር ይመስለዋል፣ እኔ ግን ለቀኑን ሙሉ ስብሰባ ከገመድ የሚበልጥ ነገር አላየሁም። ዋይፋዩን ታጠፊዋለሽ፣ አንቴናው ለብሉቱዝ ብቻ ይቀራል። ላፕቶፑ የገመድ ሶኬት ከሌለው ከዩኤስቢ ወደ ኔትወርክ ገመድ የሚቀይር ትንሽ አዳፕተር አለ፣ ከአዲስ ኢርፎን ይልቅ ብርሽን እሱ ላይ አውይው።

2.4 ላይ የግድ የምትቆዪ ከሆነ ሁለት ነገር ራውተሩ ላይ አስተካክይ። የቻናል ስፋቱን ከ40 ወይም ከአውቶ ወደ 20 ሜጋኸርዝ አውርጂው። 40 ሲሆን የጠቅላላውን ባንድ ግማሽ ያህል ይወስዳል፣ ለብሉቱዝ መዝለያው ያንሰዋል። ከዛ ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 አድርጊው። «3 ባዶ ነው» ብሎ 3 ላይ የሚያስቀምጥ ሰው አለ፤ 3 ግን 1ንም 6ንም ይረግጣል፣ ሁለቱንም ጎረቤት ያስቸግራል፣ ራሱም ይቸገራል። የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ ስልክሽ ላይ የዋይፋይ ቻናል የሚያሳይ አፕ ጫኚና እዪው፤ ከሦስቱ የጎረቤት ምልክት የሚደክምበትን ምረጪ።

ማታ የሚብሰውም ከዚህ ነው። ሰው ከሥራ ይገባል፣ ብሎኩ ሁሉ ቪዲዮ ይከፍታል፣ 1ም 6ም 11ም ይሞላል። ብሉቱዝሽ ከ79ኙ ቻናል ሊሸሽበት የሚችለው በመሃል ያሉት ጠባብ ክፍተቶችና ዳሩ ብቻ ይሆናል። ቢያንስ 20 ቻናል ደግሞ መያዝ ግዴታው ነው፤ ስለዚህ የተጨናነቀው ላይም ቢሆን ይዘላል።

ዝናቡስ? ዝናቡ ራሱ ጥፋተኛ አይደለም። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ዝናብ በኪሎሜትር እንኳን ቢሰላ የሚወስደው ኢምንት ነው፣ በክፍል ውስጥ ርቀትማ ምንም። ጅማ ላይ ግን ዝናብ ሲዘንብ ሰው ቤቱ ይቀመጣል፣ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ዋይፋይ ይጠቀማል። ደግሞ ዝናብ ሲመጣ መብራት ይሄዳል። መብራት ሲሄድ ምን ታደርጊያለሽ? ራውተሩ ይጠፋል፣ ስልክሽን ሆትስፖት ታደርጊዋለሽ፣ ስልኩን ከላፕቶፑ አጠገብ ታስቀምጪዋለሽ። ያ ስልክ በ2.4 እያሰራጨ ከሆነ ግፊያውን በገዛ እጅሽ ጠረጴዛሽ ላይ አመጣሽው። አንድሮይድ ከሆነ የሆትስፖት ሴቲንግ ውስጥ ባንዱን 5 ጊጋኸርዝ ማድረግ ይቻላል፣ ስልኩ የሚደግፍ ከሆነ። አይፎን 12 ወይም ከዛ በኋላ የወጣ ከሆነ «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን አጥፊው፤ እሱ ሲበራ ሆትስፖቱን ወደ 2.4 ያወርደዋል። ወይም ቀላሉ፣ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኚና ኢንተርኔቱን በገመዱ አስተላልፊ። መብራት በጠፋ ጊዜ ስልኩም ከላፕቶፑ ባትሪ ይሞላል፤ ብቻ የላፕቶፑ ባትሪ ቶሎ እንዳያልቅብሽ አስቢበት።

እግረ መንገዴን፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲለኮስ ዋይፋዩ ጠፋ የሚሉ አሉ። ምጣድ በ2.4 ጊጋኸርዝ ምንም አያሰራጭም። የመብራቱ ኃይል ሲወርድ ራውተሩ ጠፍቶ ሊነሳ ግን ይችላል። እሱ ኢንተርኔቱን ነው የሚያቋርጠው፣ ኢርፎኑን አይነካም።

አሁን ዋይፋዩ ጠፍቶም ከተቆራረጠ። መጀመሪያ ላፕቶፑ ላይ የተሰካውን እዪ። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ወይም ፈጣን ፍላሽ በዩኤስቢ 3.0 ሰክተሻል? ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው ቀዳዳ ነው። ዩኤስቢ 3.0 ዳታ ሲያስተላልፍ ልክ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ጫጫታ ይለቃል፤ ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ አሳይቶታል። ገመዱ ወይም የዲስኩ ሳጥን በደንብ ያልተሸፈነ ከሆነ ጫጫታው ይጨምራል። የገመድ አልባ ማውዝሽም በዚህ ምክንያት ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ዲስኩን ንቀዪና ስሚ። ከተስተካከለ ወደ ሌላኛው ጎን ሰኪው፣ ወይም በአጭር ማራዘሚያ ገመድ ከላፕቶፑ አርቂው፣ ፍጥነት ካላሳሰበሽ ደግሞ ጥቁሩ ዩኤስቢ 2.0 ላይ አድርጊው።

ከዛ ቀጥሎ የምጠይቅሽ ይህን ነው፤ ላፕቶፑ ተከፍቶ ያውቃል? ማጠፊያው ተሰብሮ ተሠርቶ፣ ስክሪን ተቀይሮ፣ ወይም አቧራ ተጠርጎለት? የዋይፋይና ብሉቱዝ አንቴና በአብዛኛው ያለው ስክሪኑ ዙሪያ ነው፤ ከዛ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በማጠፊያው በኩል ወርደው ካርዱ ላይ ይሰካሉ። ጥገና ላይ አንዷ ሳትሰካ ትቀራለች፣ ወይም ማጠፊያው ውስጥ ተጨምቃ ትጎዳለች። ዋይፋዩ በቀረችው አንዷ ይሠራል፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። ብሉቱዙ ግን የተነቀለችውን ይጠቀም ከነበረ ከሁለት ሜትር በላይ አይሰማም። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ኢርፎኑን ወደ ላፕቶፑ ስታስጠጊ ይስተካከላል፣ ትንሽ ስትርቂ ይጠፋል። ይህ ከሆነ ሽቦዋን መልሶ የሚሰካልሽ ባለሙያ ዘንድ ውሰጂው፤ ላፕቶፑን መክፈት ብቻ ነው ሥራው።

ሌላ የሚምታታ ነገር አለ። ድምፁ የሚቆራረጥ ሳይሆን ስብሰባ ስትገቢ የሚታፈን ከሆነ፣ ከጣሳ ውስጥ እንደሚወጣ ዓይነት፣ እሱ ግፊያ አይደለም። ብሉቱዝ የኢርፎኑን ማይክ ሲከፍት ከሙዚቃ ወደ ስልክ ጥሪ ዓይነት ድምፅ ይቀየራል፤ ጥራቱ ይወርዳል። ዙም ውስጥ ማይኩን ወደ ላፕቶፑ ማይክ ቀይሪው፣ ስፒከሩን ኢርፎኑ ላይ ተይው። ድምፁ ይጠራል። ይህ ዘዴ ለመቆራረጡም ይረዳል፣ ምክንያቱም በሙዚቃው መንገድ የሚሄድ ድምፅ የጠፋበትን መልሶ ማስላክ ይችላል ብዬሻለሁ። እኔ በግፊያ ለተቸገረ ሰው ሁሉ ዛሬውኑ ሞክሩት የምለው ይህን ነው።

ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር ላይ ብዙ አልቆይም። የዋይፋይና የብሉቱዝ ድራይቨር የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን አድሰሽ ሌላውን አትተዪ። ከላፕቶፑ አምራች ገጽ ሁለቱንም አውርጂ። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ፓወር ማኔጅመንት» ሥር ኃይል ለመቆጠብ መሣሪያውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክትም አንሺው፤ በተለይ በባትሪ ስትሠሪ ነው የሚያስቸግረው።

ካርድ መቀየር የመጨረሻው ነው፣ እሱም ላፕቶፑ 5 የማይቀበል ሆኖ ገመድ መሳብ ካልቻልሽ ብቻ። ከመግዛትሽ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጪ። ካርዱ ቦርዱ ላይ የተበየደ እንዳይሆን፤ ከሆነ አይቀየርም። አንዳንድ አምራች ደግሞ የማያውቀውን ካርድ ላፕቶፑ እንዳይቀበል ይዘጋዋል፤ የሞዴሉን ስም ይዘሽ ጠይቂ። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚከስርበት ነው፤ ኢንቴል ኤኤክስ 201 የሚባለው ካርድ የሚሠራው ለሱ በተዘጋጁ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ብቻ ነው፣ መልኩ ግን ከኤኤክስ 200 እና ከኤኤክስ 210 ጋር አንድ ይመስላል። ሻጩ «ያው ነው» ቢልሽ አትመኚው። ቁጥሩን አንብበሽ፣ እዛው አስገጥመሽ፣ ዋይፋዩም ብሉቱዙም መነሳታቸውን በዓይንሽ አይተሽ ክፈዪ።